በራሴ መኪና ተሳፋሪ የሆንኩበት ቀን

ይህ ነገር የደረሰብኝ ካቻምና፣ በፍልሰታ ጾም ነው። በዕድሜዬ ብዙ አይቻለሁ። ይህን ግን አልረሳውም። ከአርባ ዓመት በላይ ከእኔ በቀር ማንም ነድቷት የማያውቅ መኪናዬን ሌላ ሰው የነዳት ያን ቀን ነው። ያውም በስም እንኳ የማላውቃት ሴት ነድታት፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ።

መጀመሪያ ስለ መኪናዬ ልናገር። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የሚኖር ሐበሻ ያውቃታል፤ ለማያውቃት ነው። እንግሊዝ ሠራሽ የስፖርት መኪና ናት፤ ለአሜሪካ ገበያ ስለተሠራች ግን መሪዋ በግራ ነው። የሠራት ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል፤ እሷ ግን አለች። ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች። ጣሪያዋ ሸራ ስለሆነ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ቀለሟ የጥድ ቅጠል ይመስላል። ማርሿ በእጅ ነው፤ እንደ ዛሬዎቹ ራሷን በራሷ የምትነዳ አይደለችም።

የገዛኋት እዚህ አገር በገባሁ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው። ያኔ ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራ ነበር። ከከተማ ወጣ ብሎ የሚኖር አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጎተራው ውስጥ ጥሏት፣ ዶሮዎች ወንበሯ ላይ እንቁላል ይጥሉባት ነበር። ሞተሯ አይዞርም። ጎትቼ ሳመጣት ጓደኞቼ "ይሄን ቆርቆሮ ምን ልታደርገው ነው?" ብለው ሳቁብኝ።

እኔ አገር ቤት ትምህርት ያቋረጥኩት ስምንተኛ ክፍል ሳልደርስ ነው። መካኒክነትም ማንም አላስተማረኝም። የጥገና መጽሐፏን ከላይብረሪ ተውሼ፣ ቃል በቃል ከመዝገበ ቃላት እየፈታሁ አነበብኩት። ክረምቱን ሙሉ ሞተሯን አውርጄ በታተንኩ። በረዶው ሲቀልጥ መልሼ ገጠምኩ። ቁልፉን ሳዞረው ተነሳች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሌላ ሰው ጋራዥ ገብታ አታውቅም። ካርቡሬተሯን እስከ ዛሬ በጆሮዬ ነው የማስተካክለው። ይህን የምጽፈው ለጉራ አይደለም። ለጉራ ነው የሚል ካለም ይበል፤ እውነት ነው።

በዚህ አገር መኪና የሚገድለው ዕድሜ ሳይሆን ጨው ነው። በክረምት ለበረዶው ብለው መንገድ ላይ የሚበትኑት ጨው የእሷን እኩዮች ሁሉ ከሥር በልቶ ጨርሷቸዋል። የእኔ ግን የመጀመሪያው በረዶ ከመውደቁ በፊት ጋራዥ ትገባለች። የጸደይ ዝናብ መንገዱን አጥቦ ካልጨረሰ አትወጣም። ሰው "ምን ቀብተሃት ነው?" ይለኛል። ትዕግሥት ነው የቀባኋት።

መሪዋን ማንም እንዲነካ አልፈቅድም ነበር። ለሙሽራ መኪና ይለምኑኛል። "እኔ ከነዳሁ እሺ፤ ካልሆነ የለም" እላለሁ። ያለን ወንበር ሁለት ስለሆነ፣ ሙሽራውን በሌላ መኪና አስከትዬ ሙሽሪትን ብቻ ይዤ የሄድኩበት ሰርግ አለ። ሙሽራው እስከ ዛሬ ሲያገኘኝ ፊቱን ያዞራል። ፎቶው ግን እጅግ ያምራል።

በቀኝ ወንበር የምትቀመጠው ባለቤቴ አስካለ ናት። ከጋብቻችን ጀምሮ ቦታዋ እሱ ነው።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ። ስኳር አለብኝ። ጠዋት ጠዋት የኢንሱሊን መርፌ እወጋለሁ፤ ከዚያ ቁርስ መብላት አለብኝ። ፍልሰታ ሲገባ ግን እኔ ከቅዳሴ በፊት እህል ውኃ አልቀምስም። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በፍልሰታ የሚቀድሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ተቀምጬ አሰብኩበት። ጾም የሚፈርሰው በአፍ በሚገባ ነገር ነው። መርፌ በሆድ ቆዳ እንጂ በአፍ አይገባም። ስለዚህ መርፌውን እወጋለሁ፣ ምግቡን አቆያለሁ አልኩ።

ይህን ሕግ ያወጣሁት ራሴ ነኝ። ሐኪምም ካህንም አላማከርኩም። ሞተር በራሱ የፈታ ሰው ይህን ለመፍታት የማን ደጅ ይጠናል? የመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ራሴን ከማዞሩ በቀር ምንም አልሆንኩም። ሕጌ ሠራ ብዬ ደስ አለኝ።

በጾሙ አጋማሽ አንድ ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። አስካለ ቤተ ክርስቲያን ለአገልግሎት ስለምትፈለግ ጓደኛዋ ጥሩነሽ በጠዋት መጥታ በቫኗ ወስዳታለች። እኔ በመርፌዬ ሕግ ጸንቼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ የመኪናዬን ጣሪያ አጥፌ ከሰፈራችን ከፊሊፕስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተነሳሁ። ወንዙን ተሻግሬ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ የሚባለውን ጎዳና ያዝኩ። ሌላ አቋራጭ መንገድ ነበረኝ። ዩኒቨርሲቲን የመረጥኩት ሐበሻ ስለሚበዛበት ነው። መታየት አልጠላም።

ግማሽ መንገድ ላይ ላብ አጠመቀኝ። ሙቀቱ ነው አልኩ። ቀጥሎ ከንፈሬ መደንዘዝ ጀመረ። ነፋሱ ነው አልኩ። የሱቆቹ ማስታወቂያ ሁለት ሁለት ሆኖ ሲታየኝ መነጽሬን ወቀስኩ። ሰው ራሱን ላለመጠርጠር የማይወቅሰው ነገር የለም።

ስኔሊንግ የሚባለው መንገድ ጋ ስደርስ ወደ ግራ መታጠፍ ነበረብኝ። እዚያ ቦታ ላይ የከተማው ቀላል ባቡር የሚሄደው በመንገዱ መሐል ስለሆነ፣ ወደ ግራ የሚታጠፍ መኪና ሐዲዱን ያቋርጣል። አረንጓዴው ቀስት በራልኝ። ገባሁ። ግራ እግሬ ተንቀጠቀጠና ፍሪሲዮኑን በድንገት ለቀቅኩት። መኪናዋ አንድ ጊዜ ዘለለችና ጠፋች። የፊት ጎማዎቿ ሐዲዱ ላይ ናቸው።

ሞተር የሚያጠፋ ለማጅ ነው። እኔ ለማጅ መሆን ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ቁልፉን ላዞር እጄን ሰደድኩ፤ እጄ ግን ቁልፉን አጣው። እዚያው አለ፣ አየዋለሁ፤ ጣቶቼ አጠገቡ ሄደው ይመለሳሉ።

ጣቢያው ላይ ቆሞ ሰው ሲያሳፍር የነበረ ባቡር ደወሉን መታ። ደግሞ መታ። ከኋላዬ ክላክስ ተጀመረ። መድረኩ ላይ ባቡር የሚጠብቁ ሰዎች ስልካቸውን አወጡ። ነጠላ የለበሰ ሽማግሌ፣ ጣሪያ በሌላት አረንጓዴ ስፖርት መኪና ውስጥ፣ ባቡር አቁሞ። እኔም ብሆን ፎቶ አነሳ ነበር።

በዚህ መሐል አንዲት ሴት ከመድረኩ ወርዳ ወደ እኔ መጣች። ሒጃብ አድርጋለች። የነርሶች ዓይነት ሰማያዊ የሥራ ልብስ ለብሳ የምሳ ቦርሳ አንግታለች። ነጠላዬን አይታ ነው መሰለኝ በአማርኛ ጀመረችኝ። አነጋገሯ የጅማ ሰው አነጋገር ነው።

"አባባ፣ ደህና ነዎት? ምን ሆኑ?"

"ምንም አልሆንኩም። መኪናዋ እያረፈች ነው።"

"ሐዲድ ላይ ነው የምታርፈው?" አለችና ግንባሬን በእጇ ዳበሰች። "ላብ በላብ ሆነዋል። ስኳር አለብዎት?"

"አለብኝ። መርፌዬንም ወግቻለሁ" አልኳት፤ መድኃኒቴን የማልወስድ እንዳይመስላት።

"ምን በሉበት?"

"ፍልሰታ ነው፣ እየጾምኩ ነው።"

ሴትየዋ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። "መርፌው እየጾሙ መሆኑን ያውቃል?" አለችኝ።

ከቦርሳዋ አንድ ጠርሙስ የማንጎ ጁስ አውጥታ ክዳኑን ከፍታ አፌ ላይ አደረገችው። ፊቴን አዞርኩ። ከቅዳሴ በፊት አይሆንም አልኩ። በኋላ ሐኪሜ እንደነገረኝ፣ ስኳር ሲወርድ ሰው ያለ ምክንያት እልኸኛ ይሆናል። እኔ ግን ያን ቀን በቂ ምክንያት ያለኝ መስሎኝ ነበር።

"እኛም ረመዳን አለን። የታመመ አይጾምም። ፈጣሪ ለእኔ አዝኖ ለእርስዎ ይጨክናል?"

"ለእኔ ጾም እኔ አውቃለሁ።"

"ጠጣ እልሃለሁ!" አለች። ከእርስዎ ወደ አንተ ያወረደችኝ እዚያ ላይ ነው። ራሴን ልስት ትንሽ ቀርቶኝ እንኳ ልብ ብያለሁ።

ባቡር ነጂው በመስኮቱ ብቅ ብሎ ጮኸ። ካልተነሳሁ ፖሊስና ጎታች መኪና እንደሚጠራ በእንግሊዝኛ ተናገረ። እሱ ሲናገር ነው ነገሩ የገባኝ። ጎታች የመጣ እንደሆነ የእሷን መያዣ ቦታ የሚያውቅ የለም፤ መንጠቆውን ባገኘበት ይሰካና ለአርባ ዓመት ከጨው የጠበቅኩትን የሥሯን ብረት በአንድ ጊዜ ይቀደዋል። ፖሊስ የመጣ እንደሆነ ደግሞ ሁኔታዬን አይቶ መንጃ ፈቃዴን ይይዛል። ያለ መንጃ ፈቃድ መኪናዬ ጋራዥ ውስጥ የተቀመጠች ሬሳ ናት። በዚያች ሰዓት ስለ ነፍሴ አላሰብኩም። ያሰብኩት ስለ እሷ ነው።

ሴትየዋም ይህን ያወቀች ይመስል፣ "ስማ አባባ" አለችኝ። "ወይ ጁሱን ትጠጣለህ፣ ወይ ተነስተህ መሪውን ትለቅልኛለህ። ሁለቱንም እምቢ ማለት አይቻልም።"

ሁለቱን መዘንኩ። ጾሙ የፈጣሪ ነው፤ መሪው የእኔ ነው። የእኔን ልሰጥ ወሰንኩ።

"ማኑዋል ትችያለሽ?" አልኳት።

"አባቴ አጋሮ ውስጥ የጭነት መኪና ነበረው። ቡና ጭኜ ነድቼዋለሁ። ይቺ ጫማ የምታህል ታቅተኛለች?"

በሩን ከፍታ ገፋችኝ። ወደ ቀኝ ወንበር የሚኬደው በማርሹ ላይ ተሻግሮ ነው። ነጠላ የለበሰ ሽማግሌ ማርሽ ላይ ሲሻገር ጥሩ ትዕይንት አይደለም። ነጠላዬ ተያዘ፤ እሷ ጎትታ አላቀቀችው። ገብታ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። ቁልፉን ስታዞረው መኪናዋ ተነሳች። ያቺ ከሃዲ፣ ለእኔ እምቢ ያለች ለእሷ ወዲያው ተነሳች።

"አንደኛ ከማስገባትሽ በፊት ሁለተኛን ንኪ!" አልኳት፤ የዱሮ ማርሽ እንዲህ ካልተደረገ ይጮኻል።

አልሰማችኝም። ማርሹ ክርርር ብሎ ጮኸ። ጥርሴን የነቀሉኝ ያህል ተሰማኝ።

"ገደልሻት!"

"ጮኸች እንጂ አልሞተችም። ዝም በል።"

ሐዲዱን ተሻገርን። ባቡሩ በደወሉ አመሰገነን ወይም ሰደበን። ስኔሊንግን ይዛ ትንሽ ሄደችና ከአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ኋላ ወዳለው መኪና ማቆሚያ ለመግባት ወደ ቀኝ ታጠፈች። አጥሩ ወደ እኔ መጣ። በእኔ ዓይን የፊት መብራቷ ሊነካው ነው።

በዚያች ቅጽበት ቀኝ እግሬ በራሱ ተነስቶ ወለሉን በኃይል ረገጠ። ፍሬን እየያዝኩ ነበር። ፍሬን በሌለበት ቦታ።

ሴትየዋ በደንብ አዞረቻትና በሰላም አቆመች። እኔ ግን እግሬን ከዚያ ቦታ አላነሳሁትም። ጎንበስ ብዬ አየሁት። የረገጥኩት ቦታ ላይ ምንጣፉ ተበልቶ ከሥሩ ያለው ብረት ሊታይ ደርሷል።

ያንን የተበላ ቦታ አውቀዋለሁ። የቀኙ ምንጣፍ ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ ያልቅብኛል። የእኔ በኩል እንዳለ ነው፤ የቀኙን ግን በየጥቂት ዓመቱ እቀይራለሁ። እርጥበት ነው ብዬ የበሩን ጎማ ለውጫለሁ። የምንጣፉ ጥራት ነው ብዬ ከሻጩ ተጣልቻለሁ። የሞተር ሙቀት ይሆናል ብዬ ከሥር መከላከያ ሠርቻለሁ፤ ጥሩ ሥራ ነበር። በዚያ ወንበር ተቀምጬ ግን አላውቅም። በራሴ መኪና ተሳፋሪ ሆኜ አላውቅማ።

"መሪውን ሰጥተኸኛል" አለች ሴትየዋ ቁልፉን በጣቷ አንጠልጥላ። "አሁን ጁሱን ካልጠጣህ ቁልፉን አታገኝም።"

"ተስማምተን አልነበረም እንዴ?"

"እኔ ቀኑን ሙሉ የምውለው እምቢ ከሚሉ ሽማግሌዎች ጋር ነው፤ ሥራዬ እሱ ነው። አንተ ከእነሱ አትብስም።"

ጠጣሁ። ጾሜን በማንጎ ጁስ ገደፍኩ። እውነቱን ለመናገር፣ በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም። ግማሽ ሳንድዊችም ሰጠችኝ፤ ሥጋ የለውም ብላ ማለችልኝ። ቀስ በቀስ የሱቆቹ ማስታወቂያ ወደ አንድ ተመለሰ። እጄም የእኔ ሆነ።

ያኔ ስሟን ጠየቅኳት። ሃዋ ትባላለች። በየቤቱ እየዞረች ሽማግሌዎችን ትንከባከባለች። ከጠዋት ሥራዋ ወጥታ ወደ ቤቷ ልትሄድ ባቡር እየጠበቀች ነበር። "ያ ያቆምከው ባቡር የእኔ ነበር" አለችኝ።

በስልኬ አስካለን ጠራቻት። አስካለና ጥሩነሽ ነጠላቸውን ሳያወልቁ በቫን መጡ። አስካለ ሮጣ መጥታ በሹፌሩ በር ቆመች፤ እዚያ ያገኘችው ግን ሃዋን ነው። ቀጥሎ እኔን አየች። መጀመሪያ አልቅሳ እግዚአብሔርን አመሰገነች። ሃዋን ሳመቻት። ከዚያ ደህና መሆኔን ስታውቅ ወገቧን ይዛ፣ "አንተ ሰውዬ፣ እኔ ቦታ ላይ ምን ትሠራለህ?" አለችኝ።

እኔ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚያብሰለስለኝ።

"አስካለ፣ ይሄን ምንጣፍ የምትበዪው አንቺ ነሽ?"

ወደ ታች አየች። እግሬ አሁንም እዚያው ላይ ነው። ሳቋ መጣ፤ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

"እኔ ነኛ! ይሄን ሁሉ ዓመት ፍሬን ስይዝ ኖሬ ዛሬ ነው ያወቅኸው?"

"ትፈሪ ነበር?"

"አንተ ስትነዳ የማይፈራ ማን አለ?"

ጥሩነሽ ከኋላዋ "እውነቷን ነው፣ እኔ ሳይ እንኳ እፈራለሁ" አለች። ማንም አልጠየቃትም።

እኔ እኮ ስነዳ አስካለ ፈገግ እያለች የምትቀመጥ ይመስለኝ ነበር። ጥርሷን የምታሳየው ነክሳ እንደሆነ በየት ልወቅ? ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህማ ብቻህን ትሄድ ነበር። ብቻህን ስትሄድ ደግሞ ማን ፍሬን ይይዝልሃል?"

ይህን ያለችው እየሳቀች ነው። ግን ያን ቀን ብቻዬን ነበር የመጣሁት። እሷም ይህን ስታስብ ሳቋ ተቋረጠና ትከሻዬን ያዘች። እኔም እግሬን ከምንጣፉ ላይ አነሳሁ።

ወደ ሐኪሜ መሄድ ነበረብኝ። ክሊኒኩ ፊሊፕስ ነው፣ ለቤታችን ቅርብ። ጥሩነሽ በቫኗ ልትወስደኝ ተዘጋጀች። መኪናዋስ? ሁሉም ወደ እኔ አዩ። ቁልፉ ሃዋ እጅ ነው፤ እሷ ግን ጁሱን ስለጠጣሁ በቃሏ መሠረት ወደ እኔ ዘረጋችው።

ተቀብዬ ትንሽ ያዝኩት። ደህና ነኝ፣ እነዳለሁ ለማለት አፌ ደርሶ ነበር። አስካለ እጇን ከትከሻዬ ላይ አላነሳችም። መልሼ ለሃዋ ሰጠኋት። የመጀመሪያውን ጊዜ አስገድዳኝ ነው። ሁለተኛውን የሰጠሁት ወድጄ ነው።

"አንደኛ ከማስገባትሽ በፊት…" አልኳት።

"ሁለተኛን መንካት። ሰምቻለሁ፤ ዕድሜ ልኬን ስሰማው ልኖር ነው" አለች። "እኔም ቤቴ ወደዚያው ነው። ባቡሬንማ አስመልጠኸኛል።"

አስካለ መንገድ ልታሳያት ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። እኔ ከጥሩነሽ ጋር በቫን ከኋላቸው ተከተልኩ።

መኪናዬን ስትሄድ አይቻት አላውቅም ነበር። ቆማ አይቻታለሁ፣ ተበታትና አይቻታለሁ፣ ከሥሯ ተኝቼ አይቻታለሁ። ስትሄድ ግን ሁልጊዜ ውስጧ ነኝ። ከኋላ ስትታይ ዝቅ ብላ፣ መንገዱን ልብ ብላ ነው የምትሄደው። ድልድዩን ስትወጣ ፀሐይ ጀርባዋ ላይ አረፈች። የአስካለ ነጠላ ጫፍ በነፋስ ይውለበለባል። የእግረኛ መንገድ ላይ ያሉ ሰዎች ዞር እያሉ ያይዋታል። ለካ ሰው ሁሉ ይህን ሲያይ ኖሯል፣ እኔ ብቻ ቀርቶብኝ። እንዲህ አድርጎ የሠራት ማን እንደሆነ ለጥሩነሽ እስክንደርስ ድረስ ነገርኳት። ታውቅ ነበር፤ ደግሜ ነገርኳት።

ክሊኒኩ ደጃፍ ስንገናኝ አስካለ ከመኪናዋ እየወረደች፣ "ዛሬ እግሬ አረፈ" አለችኝ። በአንድ ቀን ብዙ መቀበል ነበረብኝ፤ ይህንንም ተቀበልኩ።

ሐኪሜ ስለ መርፌው ሕጌ ሲሰማ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ስኳሬ እስኪስተካከልና እሱ እስኪፈቅድ ድረስ መሪ እንዳልይዝ ነገረኝ። የንስሐ አባቴ ደግሞ ከሱ የባሱ ሆኑ። "ቀኖና የምታወጣው አንተ ከሆንክ እኔ ምን እሠራለሁ? መኪናህን ልጠብቅልህ?" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የታመመ ሰው ስለሚጾመው ጾም ለሚጠይቀኝ ሁሉ በደንብ አስረዳለሁ። በእኛ ሰንበቴ ከእኔ የተሻለ የሚያስረዳ የለም።

መኪናዋ ያን ዓመት ጋራዥ የገባችው በረዶው ከመድረሱ ቀደም ብላ ነው። ክረምቱ ረዘመብኝ። እየሄድኩ ሞተሯን አስነሳና ቀኝ ወንበር ላይ ተቀምጬ እሰማታለሁ። ሸጥ አድርጋት ያሉኝ ነበሩ። ከእነሱ ጋር ሰላምታ ቀንሻለሁ።

በጸደይ ሐኪሜ ፈቀደልኝ፤ ቁርሴን ሳልበላ መሪ ላልይዝ ቃል አስገብቶኝ። በመጀመሪያ ያደረግኩት የቀኙን ምንጣፍ አዲስ መግጠም ነው። ከዚያ አስካለን ይዣት ወጣሁ። አሁን ስነዳ አንድ ዓይኔ መንገዱን፣ አንድ ዓይኔ የአስካለን እግር ያያል። እግሯ ከተንቀሳቀሰ የእኔ እግር ከነዳጁ ላይ ይነሳል። ሃዋም ቤተሰብ ሆናለች። በበጋ ስትመጣ ቁልፉን እሰጣታለሁ፤ እኔ አጥሩ ላይ ተደግፌ መኪናዬ ስትሄድ አያለሁ። ማርሹን አሁንም አልፎ አልፎ ታስጮኸዋለች። እችለዋለሁ።

ያን ቀን ሳስታውስ አላፍርም። ባቡር ያቆመ ሐበሻ ስንት አለ? ምንጣፉ ይኸውና ሁለተኛ ዓመቱን ሊይዝ ነው፤ ከቤት በገባን ቁጥር ጎንበስ ብዬ አየዋለሁ። እንደ ገጠምኩት ነው፣ አንድ ክር አልተነሳበትም። ጥሩ ነጂ መሆኔን ድሮም አውቅ ነበር፤ አሁን ማስረጃ አለኝ።